ልጃችን የሚቀመጠው ማን ፊት ነው?



ግንቦት ሲጋመስ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት መዞር ይጀምራል። «ልጁን የት ልታስገቡት ነው?» ቡና ላይ ይነሳል፣ ታክሲ ውስጥ ይነሳል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ይነሳል። ሰኔ ላይ ጥያቄው ጭንቀት ይሆናል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ሰልፍ። ስማቸው የገነነ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ወላጅ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። ተመዝጋቢው ከቦታው ሲበልጥ ዕጣ ይወጣል፤ የደረሰው በደስታ ያለቅሳል፣ ያልደረሰው ልጁን የበደለ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ይህ አንገት መድፋት ነው። ያ ወላጅ በዕጣ ያጣው ስም ነው። ልጁ የሚያስፈልገውን ነገር ገና መፈለግ አልጀመረም።

ብዙውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ በመንግሥት፣ በኋላ በግል ትምህርት ቤት። ሁለቱንም ከውስጥ አይቻቸዋለሁ። ይዤላችሁ የመጣሁት ሐሳብ አጭር ነው። እኛ የምንመርጠው ትምህርት ቤት ነው፤ ልጃችን የሚማረው ግን አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ መምህር ፊት ተቀምጦ ነው። በአንድ ስመ ጥር ትምህርት ቤት አራት የአንደኛ ክፍል ምድቦች አሉ እንበል። የ«ሀ» ምድቧ መምህርት ለማን ምን እንደከበደው አንድ በአንድ ታውቃለች። የ«መ» ምድቡ መምህር ደግሞ ጥቅምት ላይ ተቀጥሮ መጋቢት ላይ ለመልቀቅ የሚያስብ ሊሆን ይችላል። ክፍያው እኩል ነው፣ ዩኒፎርሙ አንድ ነው፣ በሩ ላይ የተጻፈው ስምም አንድ ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ግቢ ውለው ፈጽሞ የማይገናኝ ትምህርት ይዘው ወደ ቤት ይመለሳሉ።

ቤት ስንከራይ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው የጋራ ይሁን የግል፣ አከራዩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሳንጠይቅ ቀብድ አንከፍልም። ትምህርት ቤት ስንመርጥ ግን አብዛኞቻችን «ስንት ነው?» እና «ሰርቪስ አላችሁ?» ብለን እናስመዘግባለን።

ታዲያ ልጃችን በሚማርበት ክፍል ውስጥ ምን እንዲሆን ነው የምንፈልገው? መልሴ አንድ ነው። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንብቦ መረዳት እንዲችል። ይህን የምለው ሌላው ትምህርት ስለማያስፈልግ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ የሚያልፈው በዚህ በር ስለሆነ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት አገሩን ያስደነገጠበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ያኔ ሁሉም ሰው ጥፋቱን የፈለገው በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ውስጥ፣ በፈተናው አሰጣጥና በኩረጃው ላይ ነበር። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚለው ግን ከአሥር ዓመት የኢትዮጵያ ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። አሥር ዓመት ማለት ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳያነብ የደረሰ ልጅ የአካባቢ ሳይንሱን አያነብም፤ መደመርና መቀነስ እየቻለ የሒሳብ ጥያቄው በዐረፍተ ነገር ሲመጣበት ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የመሸምደድ ዓመታት ናቸው። አንዳንዱ እየሸመደደ ስምንተኛ ክፍል ይደርሳል፣ ካርዱም ያምራል።

መሸምደድ ምን እንደሚመስል ከቅርብ ላሳያችሁ። ልጁ መጽሐፉን ይዞ አጠገቤ ይቀመጣል። ገጹ ላይ የላምና የጥጃ ሥዕል አለ። «ላሟ ሣር በላች። ጥጃዋ ወተት ጠጣች።» ብሎ አንዴም ሳይደናቀፍ ያነባል። እናቱ አጠገባችን ቆማ ፈገግ ትላለች። እኔ ሥዕሉን በመዳፌ እሸፍንና ጣቴን «ወተት» ላይ አድርጌ «ይህችን ብቻ አንብብልኝ» እለዋለሁ። ልጁ መጽሐፉን ትቶ ፊቴን ያያል። ትንሽ ይቆይና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ በሹክሹክታ «ላሟ… ሣር… በላች… ጥጃዋ…» እያለ በጣቱ ይቆጥርና ጣቴ ያለበት ሲደርስ «ወተት!» ይላል፣ ድል እንዳደረገ ሰው። ይህ ልጅ ጎበዝ ነው። የማስታወስ ችሎታው የሚያስደንቅ ነው። ግን አያነብም፤ ማንበብ እንደማይችልም ከእሱ በቀር እስከዚያች ደቂቃ ያወቀ አልነበረም።

አባቶቻችን ይህን ችግር ያውቁት ነበር። የፊደል ገበታችን 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት፣ በድምሩ 231 ነው፤ ሀሁን በዜማ የሚያወርድ ልጅ ፊደሉን ሳያይ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ በቤተ ክህነት ትምህርት ሀሁን የጨረሰ ልጅ አቡጊዳ ይሰጠዋል። አቡጊዳ ላይ የፊደላቱ ቅደም ተከተል ስለተለዋወጠ ዜማው አያድነውም፤ እያንዳንዱን በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ ነው መልእክተ ዮሐንስን ይዞ፣ በስንደዶ እያመለከተ፣ ፊደል በፊደል ወደ መቁጠር፣ ቀጥሎም ወደ ግእዝና ወደ ውርድ ንባብ የሚሻገረው። በየኔታ አለንጋ አልስማማም፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ነገር ግን የኔታ አንድ ልጅ በእርግጥ ማንበቡን ሳያረጋግጡ ወደ ቀጣዩ አያሳልፉም ነበር። ዛሬ ልጅ የሚያልፈው ዓመቱ ስላለቀ ነው።

እንግዲህ ልታስገቡበት ስለምታስቡት ትምህርት ቤት ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ እዚያ ሁለተኛ ክፍል የሚማር የጎረቤት ወይም የዘመድ ልጅ ፈልጉ። አይቶት የማያውቅ የልጆች ተረት መጽሐፍ ስጡት። ግማሽ ገጽ ያንብብላችሁ፤ ከዚያ «ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቀስ ብሎ ቢያነብ ምንም አይደለም፤ ታሪኩን ከነገራችሁ ያነባል። ሁለት ሦስት ልጆች እንዲህ ካያችሁ፣ ከማንኛውም ብሮሹር የበለጠ መረጃ ይዛችኋል። ልጁን ግን አታስጨንቁት፤ እሱ የመጣው ሊፈተን አይደለም።

አሁን ሁላችሁም ወደምትጠብቁት ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ እንግሊዝኛ። ብዙ ወላጅ የግል ትምህርት ቤት የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍላጎቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት እዚህ አገር ሲጀመር፣ በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ከግብፅ የመጡት መምህራን በዋነኛነት ያስተምሩ የነበረው የውጭ ቋንቋ ነበር። በ1917 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ለፈረንሳይኛና ለእንግሊዝኛ ትልቅ ቦታ ሰጥቷል። የውጭ ቋንቋ የቻለ ሰው የመንግሥት ሥራ ያገኝ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልምድ ነው። ዛሬም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በመላ አገሪቱ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሒሳብና ሳይንስ ከዚያም ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። ስለዚህ «እንግሊዝኛ ለልጄ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ያስፈልገዋል።

ጥያቄው በምን ላይ ተቀምጦ ነው የሚማረው የሚለው ነው። ማንበብን መማር ማለት ምልክትን ከድምፅ፣ ድምፅን ደግሞ ከሚያውቁት ቃል ጋር ማገናኘት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ በአፉ በሺህ የሚቆጠሩ ቃላት ያውቃል፤ በቤቱ ቋንቋ። የአማርኛ ፊደል ማጥበቅና ማላላትን እንኳ አያሳይም፤ «ገና ነው» እና «የገና በዓል» በጽሑፍ አንድ ናቸው። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ግን ዐረፍተ ነገሩን እንዳየ ይለየዋል፤ ቃሉን ከእናቱ ሰምቶታልና። በእንግሊዝኛ ንባብ ሲጀምር ግን ይህ እርዳታ የለውም። የፊደላቱ ቁጥር 26 ብቻ መሆኑ ወላጅን ያታልላል። እንግሊዝኛ አንዱ ፊደል በአንዱ ቃል አንድ ድምፅ፣ በሌላው ሌላ ድምፅ የሚሰጥበት ቋንቋ ነው፤ ልጁ ታግሎ ድምፁን ቢያወጣው እንኳ የወጣው ቃል ሰምቶት የማያውቀው ነው። ዩኔስኮ በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዘገባ ልጅ ትምህርት የሚጀምርበት ተመራጩ ቋንቋ የአፍ መፍቻው እንደሆነ አስቀምጧል። የእኛም የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነበር። አንዴ በአንድ ቋንቋ ማንበብ የቻለ ልጅ ሁለተኛውን ሲጀምር ማንበብን እንደገና ከዜሮ አይማርም።

ብዙ ኬጂዎች ውስጥ የማየው ግን ሌላ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሀሁንና ኤቢሲዲን በአንድ ሳምንት ይጀምራል፣ ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ነው። አንደኛ ክፍል ሲደርስ «ሃያ ዘጠኝን ጻፍ» ስለው «እሱ ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ልጅ ብዙ ነው። «ትዌንቲ ናይን» ስለው ይጽፋል። እሺ፣ ይጻፍ። ነገር ግን «ከሃያ ዘጠኝ ብርቱካን አሥሩ ቢሸጥ ስንት ይቀራል?» የሚለውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም መረዳት ያቅተዋል። ቁጥሩን በአንድ ቋንቋ፣ ኑሮውን በሌላ ቋንቋ ስላስቀመጠው አይገናኙለትም። አያቱ ገበያ ይዘውት ሲሄዱ የሚማረው ሒሳብ ክፍል ውስጥ ከሚማረው ጋር ተለያይቶበታል።

ስለዚህ እንግሊዝኛን በሚመለከት ትምህርት ቤቱን የምትጠይቁት «በእንግሊዝኛ ታስተምራላችሁ ወይ?» ብላችሁ አይሁን። «አማርኛ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ አለው? ፈተና ሲደርስ የሚሰረዘው የማን ክፍለ ጊዜ ነው? እንግሊዝኛውን የምታስተምረው መምህርት ራሷ ከልጆቹ ጋር ትነጋገርበታለች ወይስ ከመጽሐፍ ታስገለብጣለች?» ብላችሁ ጠይቁ። በቤታችሁ የምትነጋገሩት አፋን ኦሮሞ ከሆነ አዲስ አበባ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መኖራቸውን አስቡ። ሌላ ቋንቋ የምትናገሩ ከሆነ ደግሞ ልጁ ክፍል ከመግባቱ በፊት በአማርኛ የሚጫወትበትና የሚያወራበት ጊዜ ቢያገኝ ይጠቅመዋል፤ ቋንቋችሁን ግን ከቤት አታስወጡት።

መቼ እንሂድ ለምትሉ፣ ሐምሌ ላይ አትሂዱ። ሐምሌ ላይ የምታዩት ባዶ ወንበርና አዲስ ቀለም ነው። የኬጂ ምርቃት ቀንም አትሂዱ፤ ጋዋን ለብሰው መዝሙር የሚዘምሩ ሕፃናት የማያስደስቱት ሰው የለም፣ ስለ ንባብ ግን ምንም አይነግሯችሁም። ግንቦት ላይ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ በተራ ቀን ሂዱና የአንደኛ ክፍል በር ላይ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ለመቆም ፈቃድ ጠይቁ። እምቢ ካሏችሁ ምክንያቱን ስሙ፤ አንዳንዱ ምክንያት ተገቢ ነው። ርዕሰ መምህሩ ስለ ንባብ ስትጠይቁት ስለ ስማርት ቦርድ የሚመልስላችሁ ከሆነ ግን ያም መልስ ነው።

በሩ ላይ ከቆማችሁ፣ ልጅ ሲሳሳት የሚሆነውን ተመልከቱ። አንዲት መምህርት አስታውሳለሁ። አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ «ደመና» ጻፍ ተብሎ «ጀመና» ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ሊስቅ ሲል እሷ ቀድማ «እስቲ ቆዩ፣ ሦስት ፊደል አለ፣ ሁለቱን እንዴት አድርጎ እንዳሳመረው አያችሁ?» አለች። ቀጥላ ከልጁ ጎን ተንበረከከችና «ይህችኛዋ አናቷ ላይ ምን ደፍታለች?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ሳቀ፣ በእጁ ጠረገና አስተካከለ። ያ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በዚያው ግቢ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ሌላ ልጅ ተመሳሳይ ስሕተት ሠርቶ «ቁጭ በል!» ተብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። ልጃችሁ ከግድግዳው በየትኛው ወገን እንደሚቀመጥ ለማወቅ ያቺን አንድ ደቂቃ መጠበቅ ነው።

የተማሪውንም ቁጥር ቁጠሩ። ለመጀመሪያ ደረጃ ተቀምጦ የነበረው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነበር። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለ50 ልጅ ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 48 ሴኮንድ ይደርሰዋል፤ መምህሩ ሌላ ምንም ካልሠራ። ስለዚህ ክፍሉ ሲሞላ መምህርቷ ምን ታደርጋለች? ልጆቹን በቡድን ታስቀምጣለች? ረዳት አላት? የኋላው ረድፍ ላይ ያለው ልጅ ከተጠራ ስንት ቀን ሆኖታል? በ60 ልጅ ውስጥ ሁሉንም ተራ በተራ የምታስነብብ መምህርት አይቻለሁ፤ በ25 ልጅ ውስጥ ሰሌዳውን ብቻ የሚያናግርም አይቻለሁ።

ከዚያ ደብተር ጠይቁ። የሁለተኛ ክፍል ልጅ የአማርኛ ደብተር። ቀይ እስክሪብቶውን ብቻ ሳይሆን ልጁ ምን እንደጻፈ ተመልከቱ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ከሰሌዳ የተገለበጠ ከሆነ፣ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ደብተር ቃል በቃል አንድ ከሆነ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ልጅ አይጽፍም፤ ይገለብጣል። አንዱ ደብተር ላይ ግን «ትናንት ድመታችን ወለደች፣ አባዬ ካርቶን አመጣ» የሚል ፊደሉ የተንጋደደ ዐረፍተ ነገር ብታዩ፣ ከሥሩም መምህርቷ «ስንት ወለደች?» ብላ ጽፋ ብታገኙ፣ ልጃችሁን እዚያ አስመዝግቡ። ይህን ስል የምሬን ነው። ያቺ መምህርት ልጅ የሚጽፈው ለመነበብ መሆኑን ታውቃለች።

ሽንት ቤቱንም እዩ። አፍራችሁ አትለፉት። ውሃ አለው? በሩ ይዘጋል? የትንንሾቹ ከትልልቆቹ የተለየ ነው? ሽንት ቤቱን ፈርቶ ጠዋት ወተቱን የማይጠጣ፣ ቀኑን ሙሉ ይዞ የሚውል፣ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ እግሩን እያቆላለፈ የሚያሳልፍ ስንት ልጅ አለ! እንዲህ ያለ ልጅ ምንም ዓይነት መምህር ቢቀርብለት አይማርም። ለእናቱም አይናገርም።

ወደ አለንጋው ልመለስ ብዬ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይደነግጋል። ይህ ከተጻፈ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ አሁንም በማስመሪያ የሚመታ፣ በብርድ ደጅ የሚያንበረክክ አለ። ከእናንተ መካከል «እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተገርፋችሁም ሰው ሆናችኋል፤ በዱላው ምክንያት ትምህርት የጠሉትና ከመንገድ የቀሩት ግን ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሉም። ርዕሰ መምህሩን «ልጅ ሲያጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም አገልግሎት ሰጪ ሠራተኞቹ ልጆቹን ከሚጠሩበት ድምፅ ጋር አነጻጽሩት።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የምትጠቅመውን ጥያቄ ልንገራችሁ። «የአንደኛ ክፍል መምህራችሁ እዚህ ቤት ስንት ዓመታቸው ነው? ለአንደኛ ክፍልስ እንዴት ተመረጡ?» ብዙ ትምህርት ቤት ጠንካራ መምህሩን የሚመድበው ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ፈተና አለ፣ ውጤቱ ማስታወቂያ ላይ ይወጣል። አንደኛ ክፍል ለአዲሱ ተቀጣሪ ይሰጣል፤ «ሕፃናት ናቸው፣ ይለማመድባቸው» ይባላል። እኔ ትምህርት ቤት የመምራት ዕድል ቢሰጠኝ የቤቱን ምርጥ መምህር አንደኛ ክፍል አስገብቼ ደመወዙንም ከሁሉ በላይ አደርገው ነበር። የአንደኛ ክፍል መምህርቷን የሚያከብር፣ ከዓመት ዓመት የሚያቆያት ትምህርት ቤት ካገኛችሁ ሕንፃው ኪራይ ቤት ቢሆንም አትሽሹት።

ስለ ርቀት ብዙ አልናገርም፣ ነገሩ የምታውቁት ነው። ከስድስት እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሰርቪሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሊወስደው የሚመጣ ልጅ 11፡30 ላይ ይነሳል፤ ትንሹን እንቅልፍ እንኳ እንዲያገኝ ማታ 2፡30 ላይ መተኛት አለበት። የስንቶቻችን ልጅ በዚያ ሰዓት ይተኛል? የቤት ሥራው በቴሌግራም የሚላከው እኮ ያኔ ነው። በየቀኑ ከአያት እስከ መካኒሳ የሚመላለስ ሕፃን ክፍል ሲደርስ ዓይኑ ተከፍቶ አእምሮው ይተኛል። በእግር የሚደረስበት ደህና ትምህርት ቤት ሰዓት ተኩል ከሚያስኬድ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ይበልጣል፤ ለዚህ ዕድሜ።

ዕድሜ ካነሳሁ አይቀር፣ በሥርዓተ ትምህርቱ አንደኛ ክፍል የሚገባው የ7 ዓመት ልጅ ነው። አምስት ዓመት ተኩል የሆነውን ልጅ «ጎበዝ ነው» እያሉ የሚያስገቡ አሉ። እርሳሱን ለመያዝ ጣቱ ገና ያልጠና ልጅ ከታላላቆቹ ጋር ሲፎካከር ሰነፍ ነኝ ብሎ ማመን ይጀምራል፤ ሰነፍ ሳይሆን ሕፃን ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ የመግቢያ ፈተና ሰጥተው «አላለፈም» የሚሉ ትምህርት ቤቶችን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው። ያ ትምህርት ቤት የሚፈልገው የተማረ ልጅ ተቀብሎ የራሱ ውጤት አድርጎ ማሳየት ነው። ልጃችሁን ለዚያ ፈተና አስጠኚ ቀጥራችሁ አታሰቃዩት። ሱዚ ይዝለል፣ ብይ ይጫወት፣ አኩኩሉ ይበል፣ ተረት ይስማ። ተረት ሰምቶ ያደገ ልጅ መጽሐፍ ሲከፍት ታሪክ እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ገንዘብን በሚመለከት ይህን ብቻ እላለሁ። የግል ትምህርት ቤት የምታስገቡ ከሆነ ሒሳቡን ለዘንድሮ አታውጡ፤ ለስድስት ዓመት አውጡት፣ በየዓመቱ እንደሚጨምርም አስቡ፣ ሰርቪሱን፣ መጽሐፉን፣ መመዝገቢያውን ጨምሩበት። በክፍያ ጭንቀት ምክንያት በየምሽቱ የሚጨቃጨቅ ቤት ውስጥ ያለ ልጅ የቤቱን ጭንቀት ይዞ ክፍል ይገባል። አራተኛ ክፍል ላይ ክፍያው ከብዶ ከጓደኞቹ ነጥሎ ማውጣትም ያማል።

የመንግሥት ትምህርት ቤትን ደግሞ የተሸናፊ ምርጫ አድርጋችሁ አትዩት። እዚያ የሚመደቡት መምህራን በኮሌጅ የመምህርነት ሥልጠና የወሰዱ ናቸው፤ በግሉ ዘርፍ ያለ ሥልጠና የሚቀጠር ሞልቷል። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የከተማ አስተዳደሩ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ያቀርባል፤ በባዶ ሆዱ ይመጣ የነበረ ልጅ ቁርሱን በልቶ ሲማር በዓይኔ ያየሁት ለውጥ ነው። ችግር አለ፣ አልደብቅም፤ የክፍሉ ብዛት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ መምህሩ ከደመወዙ ጋር ያለው ትግል። ከእነዚህ ችግሮች አንዱ ግን ከእኛ የመጣ ነው። መጠየቅ የሚችለው፣ ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣው ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ ግል ሲሄድ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ ድምፅ የሌለው ይሆናል። ልጃችሁን መንግሥት ትምህርት ቤት የምታስገቡ እዚያ ኅብረት ውስጥ ግቡ። ስብሰባው ላይ ስለ አጥርና ስለ በር ቀለም ሲወራ አንዳችሁ ተነሱና «ከሁለተኛ ክፍል ልጆቻችን ስንቱ ያነባል?» ብላችሁ ጠይቁ። በሚቀጥለው ስብሰባም ድገሙት።

«ልጄ ሦስተኛ ክፍል ደርሷል፣ አያነብም፣ ላዛውረው?» የምትሉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ሰሌዳው ሳይታየው «አይሰማም፣ ፈዛዛ ነው» እየተባለ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ልጅ አጋጥሞኛል፤ መነጽር ሲደረግለት የሆነውን ብታዩ! ከዚያ መምህሩን አነጋግሩ፤ የመጣችሁት ለክስ እንዳልሆነ ይግባው። ፊደል ከመለየት ይጀምር፤ በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ እናንተ ወይም ታላቅ እኅቱ አጠገቡ ተቀምጣችሁ። እስከ ጥር አጋማሽ ይህን አድርጋችሁ፣ ትምህርት ቤቱም ሰምቶ ምንም ካልቀየረ፣ ያኔ አዛውሩት። ስታዛውሩት ግን አዲሱ ትምህርት ቤት «ክፍሉን ላስደግመው» ካላችሁ እሺ በሉ፤ ሦስተኛ ክፍልን ማንበብ እየቻለ ቢጨርስ የጠፋው አንድ ዓመት አይቆጠርም።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ የኋላው ረድፍ ላይ ካሉት እንጀምር።